ጎመን በጤና

የዘወትር ጭነቴ ጥቅል ጎመን ነበር፣
ከሄናም ማሳ ላይ እስከ ሴኡል ድንበር።
ዛሬ ግን በጥር ብርድ፣ ሰማዩ ሳይነጋ፣
መኪናዬ ፓንግዮ ገብቶ ከመስተዋቱ ግንብ ተጠጋ።
ጎመን የለበትም፤ ጀርባው ላይ የቆመው ሰሌዳ ነው፣
እንደ ቴሌቪዥን ፊደል የሚተፋው።

የቀጠረችኝ ልጅ ማ ዩንሴ ትባላለች፤
ፊቷን አላየሁም፤ በስልክ ነው፣ «ቀስ ብለህ ንዳልን፣ አጎቴ» እያለች፤
«ሁለት ሺህ ሰዎች ነን ያዋጣን ለነዳጅ፤
አንዷ የሌሊት ነርስ ናት፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።»

«ምን በደሏችሁ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣
ዝም አለች፤ ልትናገር ስትል ሳቅ ነገር አነቃት።
«'የጨረቃ ምሽግ' የሚሉት ጨዋታ አለ፣ አጎቴ፤
ስገባበት አሥራ አራት ነበር ዓመቴ፤
አሁን ሃያ አምስት ነኝ። ዘንዶውን ለመጣል
ሌሊት ስንፋለም፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲታገል፣
ድኻ የለ፣ ሀብታም፤ ያወቀ ያወቀ፤
ጨዋታው ጨዋ ነበር፤ እጅህ ከፈጠነ ዘንዶው ወደቀ።
ኋላ ሰይፍ አመጡ፣ 'የንጋት ሰይፍ' የሚሉት፣ በሣጥን የታሸገ፤
ሣጥኑን ግዙ አሉን፤ ሰይፉ መውጣቱ ግን ዕድል እንደፈለገ።
ከአሥር ሺህ ሣጥን ሰባት ናቸው አሉ ሰይፍ ያለባቸው፤
ይህንንም የነገሩን ሕግ አስገድዷቸው።
አባቴ ታሞ ሳለ፣ ሆስፒታል ወንበር ላይ፣
በአንድ ሌሊት አርባ ከፈትሁ፤ አርባውም አቧራ፤ ላም አለኝ በሰማይ።
ገንዘብ ያለው ልጅ ግን፣ ትናንት የገባ፣
ዘንዶውን በአንድ ምት ጥሎት ይወጣል፣ ሳይደክም፣ ሳያነባ።»

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።
«እኛ ሌላ ሰማይ የፈለግነው እኮ ይህችን ቃል ሽሽት ነው፤
እዚያም መጣችብን፣ የዋጋ ዝርዝሯን ይዛ።»

ሰሌዳው ይጽፋል፦
አሥራ አንድ ዓመት ተጫወትን፤
አሥራ አንድ ዓመት ተጫወታችሁብን።
ፊደሉ ተገልብጦ ሲያርፍ መስተዋቱ ላይ፣
ኩባንያው በገዛ ግንባሩ የጻፈው ይመስላል ለሚያይ።

ዘበኛው መጣና «ዙር» አለኝ፤ ዞርኩ።
አሥራ ሰባት ጊዜ ሕንጻውን ዞርኩት፤ ኪምባፔን በላሁ፤ ደግሞ ዞርኩ።
ማሞቂያዬ አይሠራም።

ቀትር ላይ አንዲት ሠራተኛ፣ መታወቂያዋን ኪሷ ውስጥ ደብቃ፣
የገብስ ሻይ አመጣችልኝ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጇ ጠብቃ።
«ሰይፉን የሳልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ በቀስታ፤
«ስለቱ ላይ ያለው የጎህ ቀለም አራት ወር ፈጀብኝ፣ ጠዋትና ማታ።
ዋጋውን የሚተምኑት እላይ ናቸው። እኔም ሞከርኩ፣ ከደሞዜ ቆርጬ፤
አልወጣልኝም።»
ሄደች። ሻዩን ጠጣሁ፣ መሪውን ጨብጬ።

ማታ ይቅርታ አወጡ። ረዥም ነው፤ ከግርጌው የሰው ስም የለም።
ሰባቱ አሥራ አራት ይሆናል፣ ከአሥር ሺህ፤ ሌላ የተነካ የለም።
ዩንሴ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ መለየት አቃተኝ፤
«ነገስ ትመጣለህ?»
«ነገ ጎመን አለኝ።»
«ሰኞስ?»
ሰኞን ሰጠኋት። ዋጋ አልጨመርኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝ።

ሌሊት ነዳጅ ማደያ ቆሜ፣ ያንን ጨዋታ ጫንኩት ስልኬ ላይ።
ስም ጠየቀኝ፤ «ጎመን በጤና» ብዬ ጻፍኩ።
የእንጨት ዱላ ሰጠኝ፤ ዱላውን ሳልጨብጥ ሱቅ ተከፈተ ከላይ፦
ለአንተ ብቻ! ለዛሬ ብቻ!
ዘጋሁት። ተከፈተ። ዘጋሁት።
ከጥድ ሥር አንዲት ቀበሮ አለች፤ መታኋት፤ ነከሰችኝ፤
ሞትኩ፤ ተነሣሁ፤ መታኋት፤ ሞትኩ።
በአምስተኛው ወደቀች።
አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ብቻዬን፣ በባዶው ማደያ፣
የመኪናዬን ጡሩምባ ነፋሁት።