ነገ በአምስት ሰዓት

ቅዳሜ ሲመሽ፣ ሁልጊዜ፣ መረቤን ስጠግን፣
ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ አውቀዋለሁ ድምፁን።
«ሃልቫር፣ ነገ በአምስት ሰዓት፤ ቦታ ይዤልሃለሁ»
ትለኛለች ጉድሩን። እኔም «አያለሁ» እላለሁ።
«አያለሁ» ማለት ግን፣ በዚህ በኖርዌይ ጫፍ፣ በእኛ በዓሣ አጥማጆች፣
«አልመጣም» ማለት ነው፤ ይህን እንኳን ሰው፣ ያውቃሉ የወደቡ ድመቶች።

እሷም ታውቃለች። ታውቃለችና ፈገግ ትላለች፣
የሱፍ ጓንቷን ስባ በበረዶው ትመለሳለች።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት! ቁጠሩልኝ ቅዳሜውን፤
እኔ ዓሣ እንጂ አልቆጥርም እንዲህ ያለውን።

ሰበቤን ሁሉ ሰምታ ጨርሳለች፦
ማዕበሉን፣ ወገቤን፣ የጀልባዬን ሞተር ሳል፤
«ልብስ የለኝም» ያልሁ ለት የሟች ባሏን ኮት አመጣች፣
ይኸው እስከ ዛሬ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።
አንዴማ ተናድጄ፣ «እግዜር ከፈለገኝ
ቤቴን ያውቃል» አልኋት።
«አዎ፣ ያውቃል» አለች፣ «ለዚያ ነው የላከኝ።»
በሩን ዘጋሁባት።

ልክ ነው፣ ዘጋሁባት። ባሕር ወንድሜን ከበላው ወዲህ
ከዚያ ነጭ ቤት ጋር ቂም ነበረኝ እንዲህ፦
ሬሳ የሌለበት ሣጥን፣ መዝሙር የሞላበት፣
እኔ ድንጋይ ሆኜ በጎን በር የወጣሁበት።
ጉድሩን ይህን ታውቃለች። አንድም ቀን አልሰበከችኝ፤
«ጊዜ ይፈውሳል» ብላ በደረቅ ቃል አላሸችኝ።
ቀኑን ነገረችኝ። ሰዓቱን ነገረችኝ።
ሦስተኛው ረድፍ፣ ከምድጃው ጎን፣ ቦታ ያዘችልኝ።
ይኸው ነው ስብከቷ።

ከዚያ በጥር፣ ፀሐይ ከተቀበረች ሁለት ወር ሊሞላ፣
ቅዳሜ መጣ። መረቡ ጭኔ ላይ፣ ፋኖሱ ከኋላ።
አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሆነ። ነፋስ ብቻ አንኳኳ።
ከፈትሁለት፤ ለነፋስ! ማንም አልነበረም እኮ በረንዳው ላይ፣ ማንም እንኳ።
የማልጠብቃት እኔ፣ ስጠብቃት እንደነበር
ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው፣ ቆሜ ከራሴ በር።

ሄድሁ። ከቤቴ እስከ ቤቷ እንዲህ ይርቃል እንዴ?
ዳገቱ መስተዋት ነው፤ ሁለቴ ወደቅሁ በሆዴ።
ተነሣሁ፣ ተራገምሁ፤ ደግሞ ትዝ ሲለኝ
ይህን መንገድ አሮጊት በየሳምንቱ... አፈርሁ፣ ዝም አሰኘኝ።

ወንበር ላይ ነበረች፤ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አብጦ፣
ከምድጃው የቀረ አንድ ፍም ዓይኑን አፍጦ።
«አልመጣሁም» አለችኝ፤ እሷ! ይቅርታ ልትጠይቅ!
«አልመጣሽም» አልሁ እኔም፣ ቃል ከአፌ ለመውጣት ሲጨነቅ።
ከዚያ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ምላሴ ላይ ያደረ
የራሷ ዓረፍተ ነገር በእኔ አፍ ተናገረ፦
«ጉድሩን፣ ነገ በአምስት ሰዓት። መጥቼ እወስድሻለሁ።»
አየችኝ። ሳቀች። በገዛ ብሬ ከፈለችኝ፦ «አያለሁ።»

በማግስቱ በዓሣ መጎተቻው ሸርተቴ ጫንኋት፣
በሁለት ብርድ ልብስ፣ በአሮጌ ሸራ ጠቀለልኋት።
ከደጁ ልመለስ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከምድጃው ጎን፣
አግዳሚው ሁሉ በሰው ልብስ ተፍቆ ቀለሙ ሲነካ፣
አንዲት ክንድ ስፍራ እንዳዲስ ታበራለች፤ የእኔ ናት ለካ!

ተቀመጥሁ። ቦት ጫማዬ ጮኸ። አልዘመርሁም። አላለቀስሁም።
ስለ ወንድሜ ከእግዜር ጋር ክርክሬን ገና አልጨረስሁም።
ግን ፊት ለፊት ሲሆን ይሻላል ክርክር፣
በመስኮት ከመጮህ፣ ከቤት ከመሰወር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከወደቡ ማዶ አዲስ የመጣ አለ፣
ስታይናር የሚሉት፣ መብራት ጠጋኝ፣ በር መዝጋት የቻለ።
ጓንቴን ስቤ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ሦስቴ አንኳኳሁ።
ከውስጥ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና፣ «አያለሁ።»

ይበል።
እኔም አሁን እስከ አሥራ ዘጠኝ መቁጠር አውቃለሁ።