ቁልፍ

ማክሰኞ ማክሰኞ ሣጥን ይመጣል ደጄ፣
ሐሙስ ሳይመሽ ፍርዱ ይጠበቃል ከእጄ፤
ለአንዱ ሦስት ኮከብ፣ ለአንዱ አራት ተኩል፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኦውሉ ከተማ፣ ስመዝን ስደለድል።

ብዙ አየሁ። አየሁ የጥርስ ብሩሽ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣
ማቀዝቀዣ አየሁ ወተቴ ማለቁን ለሻጩ ሲያሳብቅ፣
የእጅ ሰዓት አየሁ፣ “ሌሊት አልተኛሽም” ብሎ የሚነግረኝ፤
አውቃለሁ ወዳጄ፣ አንተው አይደለህ ወይ እየነዘርክ የቀሰቀስከኝ?

የአምናውና የዘንድሮው ስልክ ልዩነታቸው ምንድን ነው ቢሉኝ፣
አንድ ዓይን ጨመረ፤ የሚያየው ግን ያችኑ ድመቴን ነው፣ ተዉኝ።
አዲስ ረዳት መጣ፣ እንደ ሰው የሚጽፍ፤ ሐዘኔን ጻፈልኝ
ለሟች ባልደረባዬ ሚስት፣ ከእኔ አሳምሮ፤ ልልከው ስል እጄ እምቢ አለኝ።
በመስኮቱ ብርሃን ሁሉም ዳኛ ነው፣ ሁሉም ጠበቃ፣
ያላነበበውን ሲሟገት አድሮ፣ ረስቶት የሚነቃ።

ግን ሐሰት አልጽፍም። ሮቫኒየሚ ያለችው እህቴ ሲርካ፣
ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ፣ የሰው ድምፅ በፊደል እየተተካ
በመነጽሯ ጠርዝ ሲያልፍ፣ የልጇን ቀልድ አንብባ
ከሁላችን ቀድማ ሳቀች፤ ኮከብ አለቀብኝ፣ ፊቴን አዞርኩ በእንባ።

ቂሜ አንድ ነው፤ ቁልፉ።
“እስማማለሁ” የሚል አለ፣ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ የሚያምር፤
“በኋላ አስታውሰኝ” የሚል አለ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ከሥር፤
“እምቢ” የሚለውን ግን፣ ቢፈልጉት ቢያስፈልጉት፣
ወይ አልሠሩትም፣ ወይ በዘጠነኛው ገጽ ግርጌ ቀበሩት።

ጥር አጋማሽ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት በሆነበት ማታ፣
ጎረቤቴ ታውኖ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የወረቀት ፋብሪካ ጡረታ፣
ቆሻሻ ሊጥል ወጣ፤ ሲመለስ በሩ ካደው፤
“በመዘመን ላይ ነኝ፣ ጥቂት ይታገሡ” ብሎ በትሕትና አገደው።

ያን መዝጊያ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። አራት ተኩል ሰጥቼው፣
“ቁልፍ መፈለግ ቀረ” ብዬ በዓምዴ አሞግሼው፤
ታውኖ ቆርጦ፣ አጣጥፎ፣ እሱቅ ይዞት የሄደው
ያንኑ ጋዜጣ ነው።

ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ፣ የገዛ ስልኬ “እንዳትረበሺ” ብሎ ሸሽጎት፣
ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው ያየሁት።
በረንዳው ላይ የለም። ዱካው፣ በበረዶው ላይ፣
ወደ ጓሮው ሳውና ያመራል፤ ጢስ ይወጣል፣ ከጢሱ በላይ
ማንም ያልሸለማት አንዲት ኮከብ፣ ሰማይ ላይ።

ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ከበርች እንጨት የጠረበው መወርወሪያ፣
ወይ ትዘጊዋለሽ ወይ ትከፍቺዋለሽ፤ የለውም ማብራሪያ።
ምድጃው ሥር ተኮራምቶ፣ ጣቱ ነጥቶ፣ አገኘሁት፤
“ኢርሜሊ፣ ያ በርሽ ጨዋ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ፣
እኔ አንድ ጊዜ ሰደብኩት።”

ይቅር በለኝ ልለው ፈለግሁ፤ አፌ ላይ የመጣው ግን
የሻጮቹ ቋንቋ ነበር፤ “ለወደፊቱ እናሻሽላለን”።
ዝም አልኩ።

ካፖርቱ ክፍት ነበር፤ የደነዘዘ ጣት ቁልፍ አይቆልፍም።
ተንበርክኬ ከታች ጀመርኩ፤ የጠየቀኝ የለም፣ “እስማማለሁ” አላልኩም።
አምስት መሆን ነበረባቸው፤ የአራተኛው ክሩ ብቻ ቀርቷል፤
“በኋላ አስታውሺኝ” አለኝ፣ ክሩን እያየ፤ ስቋል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አዘጋጁ “ኮከቡ ስንት ሆነ?” ይላል፣
ጠቋሚው ባዶው ገጽ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል።
አልመለስኩለትም። ከእናቴ የስፌት ሣጥን
አራት ቀዳዳ ያለው፣ ከሌሎቹ የማይገጥም፣ ጥቁር ቁልፍ አግኝቼ አሁን
መርፌና ክር ይዤ ልሻገር ነው ወደ ታውኖ ቤት፣

በሩ ከፈቀደልኝ።