የቢላ እጀታ

አያቴ ሜልቾር ቢላ ሠሪ ነበር፣
በሳስታጎ መንደር፣ በኤብሮ ወንዝ ዳር።
ስለቱን ከከተማ በገንዘቡ ይገዛል፣
እጀታውን ግን ወንዙ በነጻ ይሰጠዋል፤
ጫማ የሚያህል ዛጎል፣ ላዩ የከሰል ጥቁር፣
ሲሰነጠቅ ውስጡ፣ ጎህ የቀደደበት መንደር።
በዕድሜው ስንት ሰነጠቀ? አልቆጠረም፤
ወንዝ ሙሉ ያለን ነገር ማንም አይቆጥርም።

ቆጣሪዋ እኔ ነኝ፣
ኦሮሲያ፣ የልጁ ልጅ፣ የጎማ ልብስ ለብሼ፣
ከደፈረሰው ውሃ ሥር ጠጠሩን ተንተርሼ።
ዓይኔ እዚህ አይሠራም፤ በጣቴ ነው የማነበው፤
ይኼ ድንጋይ፣ ይኼ ጣሳ፣ ይኼ የመኪና ጎማ ነው፣
ይኼኛው — ቆይ — ይኼኛው አፉን ገጠመ።
ሕያው ነው፤ ሲነኩት የከፈተውን የሚዘጋ ሕያው ነው።

ሠላሳ ዘጠነኛው። አምና አርባ ሰባት ነበሩ።
ራሚሮ ጀልባው ላይ ይለካዋል፦ ዐሥራ ስድስት ሳንቲም፤
ዕድሜው ግን በዚያ ብረት አይደረስበትም።
ምናልባት ከሜልቾር እጅ ያመለጠ ይሆናል፤
ምናልባት አያቴን በጥላው ያውቀዋል።

ዛጎል እግር የለውም፤ እግሩ ዓሣ ነው።
በጸደይ ዘሩን ይለቃል፣ ከዱቄት የላመ፣
ስተርጅን መጥቶ በስንጥቡ እንዲያዝለው፣
ሽቅብ ተጉዞ፣ ካሻው ጠጠር ላይ እንዲያወርደው።
ስተርጅን ግን ግድቡ ከቆመ ወዲህ አልመጣም፤
ይህን ለሽማግሌው የነገረው የለም።
በየጸደዩ ይበትናል፣
በየጸደዩ ልጆቹን መንገድ ዳር ያቆማል፣
መንገደኛ በጠፋበት መንገድ።

እኛ ታዲያ መንገደኛ እናምጣ አልን።
በሰማያዊ ገንዳ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣
የሌላ ወንዝ ስተርጅኖች፣ ያልለመዱት አገር፣
የማያውቁትን ልጅ አርባ ቀን አዘሉ።
ከዚያ ከወንፊቱ ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ቀረ፤
በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ ይሄድ ነበረ።
ለካ እግር አለው!
ራሚሮን ጠርቼ ጮህኩ፤ ወንበሩን ገልብጦ መጣ።

ሠላሳ ሺህ ነበሩ። መስከረም ሲጠባ ሁለት መቶ።
እሱ ፓምፑ ነው ይላል፣ እኔ ሙቀቱ ነው እላለሁ፤
እውነቱን ሁለታችንም አናውቀው።
የተረፉትን በባልዲ ተሸክመን ወረድን፣
ከጠጠሩ ሥር አንድ በአንድ ሸሸግን።

ዛሬ ሦስተኛ ዓመታቸው።
ጠዋቱን ሙሉ ዳሰስኩ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ።
ጀልባው ላይ ራሚሮ ኮክ ይልጥልኛል፣
በአያቴ ቢላ፤ እጀታው ፀሐይ ሲነካው ይስቃል።
ስለ ቢላው አናወራም።
ጭማቂው ክርኔ ድረስ እየወረደ መዝገቡን ሳብኩ፣
«አሮጌ» ከሚለው ፊት ሠላሳ ዘጠኝ ጻፍኩ፤
«ጨቅላ» ከሚለው ፊት፣ ዜሮ።
ግን ጫፉን ከጫፉ አላገናኘሁም፤
ጥቂት ገርበብ አድርጌ ተውኩት፣
ማንም ሳይነካው፣ ከውሃ በታች፣
ዛጎል ሲተነፍስ የሚከፍታትን ያህል።