ቀሪ

ደብረ ብርሃን በጥር፣ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ፣
ጨለማ ሳይለቅ ነው ፈረቃው የሚመጣ።
እኔ የክር ክፍል የፈረቃ አለቃ፣
ዓይኔ ሰዓት ላይ ነው ገና ሳልነቃ።
መዝገቤ ባለ መስመር፣ እስክሪብቶዬ ሁለት፤
ሰማያዊው ለገባ፣ ቀዩ ለቀረ ለት።
አንዲት ፊደል ትበቃለች፤ «ቀ» ብዬ አልፋለሁ፣
የቀረውን ነገር በልቤ እጽፋለሁ።

ሰኞ። እንግዳወርቅ። ቀ።
ዐሥራ አራተኛው ማሽን ቆሞ ዋለ፣ ሰው የለበት፣
ክሩ እንደ ሸረሪት ድር አቧራ ወረደበት።
«ጥር አይደል?» አልኩ ለራሴ፣ «ሰርጉ በየሰፈሩ፤
ጣርማ በርን ወርዳ ይሆናል፣ ዘመዶቿ ሲዳሩ።»

ማክሰኞ። ቀ።
ደወልኩላት። «ዝግ ነው» አለችኝ የስልኳ ሴትዮ፣
ያቺ ቀርታ የማታውቅ፣ ድምጿ የማይሰለች።
ሠራተኛ እንደሷ ነበር፣ አልኩ።
«ስልክ የሚዘጋ ሰው የሚሸሽገው አለ፤
ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ‹አሞኛል› ባለ።»

ረቡዕ። ቀ።
ደብዳቤውን ጻፍኩት፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ።
«ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ
ድሮም ቅጹ ላይ አለ፤ እኔ አልፈጠርኩትም።
በቂ ምክንያት በምን ሚዛን እንደሚለካ፣
ሚዛኑስ ከየት እንደተገዛ፣
ንብረት ክፍልም አያውቅም።

አባቴ መንዝ ላይ ሽማግሌ ነበረ፤
ለአንድ ክንድ የገብስ ድንበር ሦስት ቅዳሜ የቀጠረ፤
የከሳሽን ሰምቶ የተከሳሽን ሳይሰማ
ውሃ እንኳ አይቀምስም፣ ቢጠማው ቢጠማ።
ልጁ እኔ ግን ሠለጠንኩ፤ ቅጽ አለኝ፣ ማኅተም አለኝ፤
ሻይ እስኪበርድ እንኳ ፍርድ አይፈጅብኝ።

ሐሙስ መጣች።
ልብሷ የሰኞ ልብስ፣ ሽታዋ የሆስፒታል፤
ለመቀመጥ አልጠየቀችም።
«ጋሽ ሸዋቀናን ሳስታምም ነበር።»
«የቱን ሸዋቀና?»
«የበሩን።»

የበሩን።
ሰባት ዓመት «እንዴት አደሩ» ያለኝን፣
ከሻርፑ መሐል ዓይኑ ብቻ የሚታየኝን።
ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ሌላ ሰው ቆሞ ነበር
ያንኑ ካፖርት ለብሶ፤
እኔ ለካፖርቱ ራሴን ነቅንቄ ገባሁ።
ስሙ እኔ መዝገብ ላይ የለም፤ በኤጀንሲ ነው፤
ለእኔ ቀርቶ አያውቅም፣ መጥቶም አያውቅምና።

«ሰኞ ሁሉም ሳይመጣ ደረስኩ። ባንኳኳ ዝም።
በመስኮት ባይ ወድቋል፤ ብርዱን ፈርቶ
ከሰሉን አስገብቶ በሩን ዘግቷል።
መስኮቱን ሰብሬ ገባሁ፤ ከደመወዜ ይቆረጥ።
ሆስፒታል ‹አስታማሚ የሌለው አይተኛም› አሉኝ።
ሰው የለውም። ታዲያ ለማን ልተወው?»
«ስልክሽስ?»
«ለመድኃኒቱ አስያዝኩት።»

የተሰበረውን መስኮት ያን ዕለት አይቼው ነበር፤
«የጥበቃ ቸልተኝነት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

«ዛሬ ነቃ» አለች። «መጀመሪያ ያለኝ
‹በሩን ማን ከፈተ?› ነው።»
ከዚያ አንገቷን አስግጋ ዐሥራ አራትን አየች፤
«ክሩን ማንም አልነካልኝም አይደል?»

ደብዳቤውን ቀደድኩት ብል ደስ ባለኝ።
ግን ቁጥር ወጥቶለታል፣ ግልባጩ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቷል፤
ለመሰረዝ በቂ ምክንያት አቅርብ ተባልኩ።
ሦስት ገጽ ጻፍኩ።
ለመክሰስ አንድ ፊደል በቅቶኝ ነበር።

ማታ መዝገቡን ስገልጥ ሦስቱ ቀይ ፊደላት እዚያው ናቸው።
«ቀ» ማለት ቀረች ነው። አልዋሹም፤
ከወደቀው ሰው ደጅ
ሁላችን አልፈን ገባን፣
እሷ ቀረች።

ዓርብ ማለዳ፣ በሩ ላይ፣ አዲሱን ሰው
«ስምህ ማን ነው?» አልኩት።
ሻርፑን ከአፉ አወረደ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
«ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» አለኝ።