ምንጭ ያስፈልገዋል

«እንየው ታከለ፣ ተዋናይ፤
የተወለደው በሃምሳ አንድ፣ ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ፤
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ታንኳ ቢያጣ ሌሊት፣
ጣናን ዋኝቶ ገባ፣ ለኪነት ቡድን ፈተና፣ ጠዋት።»

ሦስት የግርጌ ቁጥር አለው ይህ የመጨረሻው መስመር፤
ሦስት ቁጥር፣ እንደ ሦስት ምስክር።
እኔም ማጣራት ሥራዬ ነው፤
ስሙ ራሱ ነግሮኝ የለ? «እንየው»።

አንደኛው ጋዜጣ ነው፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው፤
«በሬዲዮ እንደ ተነገረው» ይላል፣ ሌላ ማስረጃ የለው።
የሬዲዮውን ሰው ፈለግሁ። ጡረታ ወጥቶ፣
ፔዳ ግቢ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ፣
ባትሪና ሳሙና ይሸጣል። «ከየት አመጣኸው?» አልሁት።
«ከመጽሔት» አለኝ፣ ሳሙና እየጠቀለለ ለአንዲት ሴት።
መጽሔቱንም አገኘሁት፤ ከሥር፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ምንጭ፦ ጋዜጣ» ይላል።

ሦስቱ ምስክሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ፤
መሃላቸው ባዶ ነው፤ አንዱ አንዱን አይቶ ይምላሉ።
ከመስኮቴ ወዲያ ነፋስ ያመጣው እምቦጭ አብቦ አማረ፤
ሥሩ አፈር ነክቶ አያውቅም፣ ግን ይኸው ሐይቁን አጠረ።

ጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ገባሁ፤ አቧራው ያስነጥሳል፤
የደመወዝ መዝገብ፣ ሰባ አንድ፣ ኅዳር፤ ጣቴ ይዳስሳል፤
«እንየው ታከለ፤ ክር ማጠንጠኛ፤ ሰማንያ ሁለት ብር ከሠላሳ»፤
ከጎኑ ፊርማ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተነሣ።
ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሰው ሆነልኝ ያኔ፤
ከምሳ በፊት የፈረመ፣ የተራበ እንደ እኔ።

ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃል ያቀብል የነበረው አበጀ፣
ዛሬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ቀበሌ አራት ውስጥ ያረጀ፣
«አንድ ቀን» አለኝ፣ «ባልዲ ሙሉ ውኃ ቀረበ መድረክ ላይ፤
ቃሉ ጠፋበት፤ ሦስቴ ሹክ አልሁት፤ ቆመ፣ ባልዲውን ሲያይ።
ሕዝቡ ‹እንዴት ይተውናል!› ብሎ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው፤
እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ ያን ዕለት ምን እንደ ነካው።»
ትንሽ ቆየና፣ «እሱንም አላውቅም» ብሎ ሣቀ።

ወረቀቴን ሸጉጬ፣ በጀልባ ሄጄ ዘጌ፣
እህቱን አትጠገብን አገኘኋት፣ ቁጭ ብላ ከጌሾው ግርጌ።
አነበብሁላት እስከ ታች። ቅጠል መልቀሙን ሳትተው፣
«ዋኝቶ?» አለች። «ማን? እንየው?»

«እንየው እኮ ውኃ ፈሪ ነው፤ ጀልባ ሲሳፈር ይጨፍናል፤
የጥፍሩ ምልክት እጄ ላይ ሳምንት ይከርማል።»
ከዚያ ዝም።
ከዚያ፦
«የዋኘው ቢያድግ ነበረ፤ ታላቁ፤ ጨዋታ የሚያውቀው፣
ቄሱን አስመስሎ ቀድሶ፣ ቄሱን ራሳቸውን የሚያሥቀው።
ፈተናው የእሱ ነበር። ታንኳ ጠፋ። ሌሊት ገባ።
እንየው ሸማውን ይዞለት ዳር ቀረ፤ ሸማው ደረቅ፣ ልቡ እየባባ።
በሦስተኛው ቀን ደንገል አጫጆች አገኙት።
በዓመቱ እንየው፣ ውኃውን ሸሽቶ፣ በእግሩ በየብስ ዞረ፤
‹ዋኝቼ መጣሁ› አላቸው። ያ ዋና ዳር ሳይደርስ እንዳይቀር ነበረ።»

የአባታቸውን ስም ያኔ ነው ልብ ያልሁት፦ ታከለ።
በሕይወት ላይ ሕይወት ታከለ፤ በአንዱ ስም ሁለት ሰው አለ።

ማታ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ያን መስመር ሰረዝሁት፤
በቦታው ሌላ ጻፍሁ፤ አሥር ጊዜ አስተካከልሁት፦
«ቢያድግ የሚባል ወንድም ነበረው፤ ጣና ላይ የቀረ።
ምንጭ፦ እህቱ፤ በቃል፤ ዘጌ፣ ከጌሾ ሥር የተነገረ።»

ጠዋት ስከፍተው፣ አንድ የማላውቀው አራሚ ቀድሞኛል፤
ለሦስት ቁጥር ያልከፋው ሕግ ለእህት ቃል ይከፋዋል፤
ከቢያድግ ስም ጎን፣ በቅንፍ፣ እንደ በር ዘበኛ ቆሞ፣
«ምንጭ ያስፈልገዋል» ይላል።

ምንጩማ ይኸው፣ ከመስኮቴ ሥር እስከ ዘጌ ሞልቶ ተኝቷል፤
የገጹን ቁጥር ስንት ልበለው? ቢያድግን አንዱ ገጽ ይዞታል።