ሰሌዳ አራት፣ ፎርፌ

ሌሊቱን ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣
ደቻቱ መጣብን አሸዋውን ቆፍሮ።
ከዚራ ግን ደረቅ፤ ጠብ ያለበት የለም፣
የኒሙ ዛፍ ቅጠል እንኳን አልረጠበም።

በምድር ባቡር ክበብ
ስድስት ሰሌዳ አለኝ፣ ስድስት ሰዓት ቆጣሪ፣
ሁለት ማራገቢያ፣ አንዱ ብቻ ዟሪ።
አራተኛው ላይ
ረምዚ ተቀምጧል፣ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣
ሸሚዙን ተኩሳ ያለበሰችው እናቱ።
ፊት ለፊቱ ወንበር። ወንበር ብቻ። ባዶ።
የጥቁሮቹ ንጉሥ ሰው አጥቶ፣ ተከዶ።

ዋበሪ ነው የቀረው፣ የስፌት መኪና ጠጋኙ፤
ቤቱ መጋላ ነው፣ ከጎርፉ ወዲያ ማዶ፤
ድልድዩ ተዘግቷል ይላሉ።

ሰዓቱን ለቀቅሁት። ስልሳ ደቂቃ ነው ደንቡ።
አዲሱ ሰዓት ድምፅ የለው፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀልጣል፤
ረምዚ ፈረሱን በዓይኑ ይጋልባል፣ ይመልሰዋል፣ ይቀመጣል።
ስልሳው ሲያልቅ ጻፍሁ፦ ለረምዚ አንድ፣ ለዋበሪ ዜሮ፣
ጎኑ ላይ «ፎ»፣ በቀይ።
«ሬቲንጌስ» አለኝ፣ «ስንት ጨመረ?»
«አልጨመረም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።
«አሸንፌ የለም እንዴ?»
«ነጥብ አገኘህ እንጂ ማንን አሸነፍህ?
ከወንበር ጋር ገጥመህ ወንበሩን ነው የጣልህ?
ሬቲንግ ሚዛን ነው፤ የገበያ ሚዛን አይተህ የለ?
ያልጫኑበት ሽንኩርት ስንት ኪሎ አለ?»

እንዲህ ብዬ መለስኩት። ደንቡም ይህን ይላል።
ግን አፌ ሲያወራ ሆዴ ሌላ ያውቃል።

አምና ፍሬዘር፣ የክበባችን አንደኛ፣
ከሐረር ከመጣች ከማትታወቅ ልጅ ጋር ዕጣ ደረሰውና
ጠዋት ደወለልኝ፦ «ጥርሴ።»
ማታ በሳቢያን ሳልፍ፣ በዚያው በታመመው ጥርሱ
የፍየል ጎድን ይግጣል፤ እስከ ክርኑ ወርዷል ወዙ።
ቁጥሩ ግን ደህና ነው። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አራት፣
እንደ ቡፌ ብርጭቆ፣ አቧራ እንጂ እጅ ያልነካት።

ጸዳለ ደግሞ፣ ካቻምና፣
አንድ ወታደር ገፍታ፣ ጥቁሩም መልሶላት፣
ሰው መጣ በሩ ላይ፤ «አባትሽ» አላት።
ነጠላዋን ሳታነሳ ወጣች።
አንድ እርምጃ ሄዳለች፤ ስለዚህ ተሸነፈች።
ዐሥራ ስምንት ነጥብ በገዛ እጄ ቀነስኩ፣
በሣልስቱ ቤቷ ንፍሮ እየቆረጠምኩ።

ጎርፍ የያዘውና ጥብስ የያዘው ሰው፣
እኔ መዝገብ ላይ አንድ «ፎ» ነው የደረሰው።
«የቀረውን ቅጣ» ይሉኛል፤ «ቁጥሩን ቀንስበት።»
ልቅጣ። ገንዘብ ይክፈል፤ በቀጣዩ ዙር በር ይዘጋበት።
ቁጥሩን ግን እንዴት? ስለ እጁ እንጂ
ስለ ፀባዩ ማን ጠየቀው?
ይህን ሰባት ዓመት አስቤዋለሁ።
አሁንም እያሰብኩት ነው።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወንበር ስደራርብ፣
በሩ ላይ ሰው ቆመ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጫማው በእጁ።
«አልቋል እኮ» አልኩት።
«አውቃለሁ» አለ ዋበሪ። «አለ ወይ ልጁ?»

ልጁ ደረጃው ላይ ነበር፣ እናቱን ሲጠብቅ።
ገቡ። መብራት ሄዷል፤
ስልኬን ብርጭቆ ላይ አስደግፌ አበራሁላቸው።
ሰዓት የለም። ወረቀት የለም።
ዋበሪ ከመንካቱ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።
ስንት እርምጃ እንደሄዱ አልቆጠርኩም፤
የረምዚ ንጉሥ ጥግ ላይ፣ በገዛ ወታደሮቹ መካከል ታፈነ።

ያልተጫወቱት መዝገቤ ላይ አለ፤ የተጫወቱት የለም።
መዝገቡን ከብብቴ አላወጣሁም።

ረምዚም ስለ ነጥብ አልጠየቀኝም።
እንጨቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መለሰና
«ፈረሴን እዚህ ባላመጣውስ?» አለ።
ዋበሪ የደረቀ ጭቃ ከጥፍሩ እየፋቀ፣
«አቦ ቆይ» አለው፣ «እስቲ አንድ ጊዜ መልሰው።»