መቻል

አዳማ ላይ ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ይጮኻል፤
ከዚያ መሀል የሰው ድምፅ ቢኖር ማን ለይቶ ይሰማል?
አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቱ "ነፋሱ ነው" አለ፤
መስኮቱን ዘጋ፣ አቧራውን እየተከላከለ።

ሳልናገር ቀርቼ አይደለም።
ለእናቴ ነግሬአለሁ፤ "ቻይው ልጄ፣ ያለ ነው በዓለም።"
ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ፤ "ትዳር መቻል ነው" አሉ።
ሽማግሌ ተቀመጠ፣ በግ ታረደ፣ "ታረቁ" ተባለ፤
የበጉ ቆዳ ሳይደርቅ ጥርሴ ወለሉ ላይ ዋለ።

ቻይው። ቻይው።
ይህችን አንዲት ቃል እንደ ኪኒን ሁሉም አስዋጡኝ፣
ውሃ እንኳን ሳይሰጡኝ።

የወጣሁ ለት ከሌላው ቀን የባሰ አልነበረም፤
የባሰም ችዬ አውቃለሁ።
የስድስት ዓመቱ ናፍያድ ግን የአባቱን ኮቴ ሲሰማ፣
ማንም ሳያዘው፣ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አስጮኸ።

ልጄ ነፋስ መሆን ተማረ።

በማይገጥም ነጠላ ጫማ ወጣሁ፤ ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሱ።
ፍራንኮ ጋ አንድ ባጃጅ ቆመ።
ልጁ አንገቴን አየ፣ ናፍያድን አየ፣ "የት ነሽ?" አላለም፤
"እህቴን የወሰድኩበትን ቤት አውቀዋለሁ" አለ፤ ሌላ አልተናገረም።
አሥራ አምስት ብር ነበረኝ። "ብስኩት ግዢበት" ብሎ ዞረ።
ስሙ ሙዘይን መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው።

ታፔላ የሌለው የብረት በር።
ሲስተር ለሊሴ ጋቢዋን እንደደረበች ከፈተች።
መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር፣
"ምን አድርገሽው ነው?" ለሚለው ጥያቄ፤
መልሴ አፌ ውስጥ ቀረ።
"ልጁ በልቷል?" ነው ያለችው።

ከዚያ በነጭ ክር የታሰረ ቁልፍ ሰጠችኝ፤
"በሩ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው።"
ሦስቴ ቆለፍኩት፣ ሦስቴ ከፈትኩት።
ናፍያድ ሳቀብኝ፤ እኔም መሰለኝ ሳቅሁ።

ከዚህ በኋላ ተረት አይደለም።
የሐኪም ማስረጃ፣ ቃል መስጠት፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ።
ዳኛዋ መዝገቡን ስትገልጥ ጉልበቴ የሚከዳኝ ነገር።
አንዳንድ ማታ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ ይናፍቀኛል፤
ለሲስተር ለሊሴ በለሆሳስ ነገርኳት።
"ይኸም ያለ ነው" አለች።
ያችው የእናቴ ቃል፤ ከዚህች አፍ ስትወጣ ግን
ውሃ ይዛ መጣች።

ክፍል ሁለት ያለችው ወርቅያንሱ በእንቅልፏ ትጮኻለች።
ዘምዘም ትነሳለች፣ እኔ እነሳለሁ፣ መብራት ይበራል፤
ውጭው እንደሆነ ቆርቆሮ ይገነጥላል፣
እኛ ቤት ግን
ነፋስ ነው የሚል የለም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች።
"እንዴት ቻልሽ?" አለችኝ።
"አልችልም ስል ነው" አልኳት፣ "የቻልኩት።"
ዝም አለች።
ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።
ከዚያ፣ ሰው እንዳይሰማት እንደምትፈራ፣
"እዚያ ቤት" አለች፣
"በዕድሜ የገፋች ሴት ይቀበላሉ?"